ሳይለቀለቅ ይግባ

የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ውስጥ፣ ከእናቴ፣ ከታናሽ እህቴ፣ ከባለቤቴና ከሦስት ልጆቻችን ጋር ነው። እራት በልተን ትሪው ከተነሣ በኋላ፣ ላለፉት ሁለት ዓመታት በየምሽቱ ስንነጋገርበት የቆየ አንድ ጉዳይ አለን፤ እርሱም የተበላበት ሰሃን ወደ ዕቃ ማጠቢያ ማሽኑ ከመግባቱ በፊት በውሃ ይለቅለቅ ወይስ ትራፊው ብቻ ተራግፎ እንዳለ ይግባ የሚለው ነው። ማሽኑ ያላቸው ቤቶች በከተማችን ገና ጥቂት ናቸው፤ ይሁን እንጂ በጅቡቲ በኩል የሚገባው እየበዛ፣ ከዓረብ አገር የሚመለሱ ልጆችም ለእናቶቻቸው እየገዙ ስለሆነ፣ ጥያቄው የእኛ ቤት ጥያቄ ብቻ ሆኖ የሚቀር አይመስለኝም። እኔ የደረስኩበት መልስ፣ በተለይ ውሃ በፈረቃ ለምናገኝ ሰዎች፣ ዕቃው ሳይለቀለቅ መግባት አለበት የሚል ነው። ወደዚህ መልስ የደረስኩት በአንድ ቀን ስላልሆነ ምክንያቴን ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው።

ማሽኑን የገዛችው እህቴ ናት። ስድስት ዓመት ቤሩት በሰው ቤት ሠርታ ስትመለስ፣ ከቋጠረችው ገንዘብ ላይ ቀንሳ፣ እዚሁ ድሬዳዋ ታይዋን የሚባለው ገበያ ሄዳ፣ ያገለገለ ነገር ግን ደኅና የሆነ ማሽን በጋሪ አስጭና መጣች። እናታችን ከዚራ አካባቢ አነስተኛ ምግብ ቤት ይዛ ሃያ ዓመት ያህል ሠርታለች፤ በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ዕቃ ያጠበችባቸው እጆቿ ዛሬ ማለዳ ማለዳ አይታጠፉላትም፣ የጣቶቿ መገጣጠሚያ ያብጣል፣ ውሃ ውስጥ ሲቆይም ሕመሙ ይብስባታል። ማሽኑ የተገዛው ለእነዚያ እጆች ነበር። ነገር ግን ማሽኑ ወጥ ቤት ከገባ በኋላ እናቴ እንደ ድሮው ቧንቧው ሥር ቆማ እያንዳንዱን ሰሃን በእጇ እያሸች ስትለቀልቅ፣ ከዚያም የጠራውን ሰሃን ለማሽኑ ስታቀብል ባየሁ ጊዜ፣ ሥራው እንደተጨመረባት እንጂ እንዳልቀነሰላት ተረዳሁ።

የእናቴን ምክንያት አቃልዬ አላየውም። «የተበላበትን ሰሃን እንዳለ ሣጥን ውስጥ ከትቶ በር መዝጋት ነውር ነው» ትላለች። በምግብ ቤቷ ዘመን ዕቃ የሚታጠበው በሦስት ሳፋ ነበር፤ በመጀመሪያው ትራፊው ይነሣል፣ በሁለተኛው በሳሙና ይታሻል፣ በሦስተኛው በንጹሕ ውሃ ይለቀለቃል። የመጀመሪያውን ሳፋ የዘለለች ሠራተኛ ሁለተኛውን ሳፋ ታቆሽሸዋለች፤ ስለዚህ እናቴ በማሽኑ ውስጥ የሚሆነውን የምታስበው በዚያው ሥርዓት ነው፣ የጎደለው የመጀመሪያው ሳፋ ነው ብላ ታምናለች።

እህቴ ደግሞ ሌላ መንገድ ተጉዛ እዚያው መደምደሚያ ላይ ደርሳ ነበር። ቤሩት የነበሩት እመቤቷ ሰሃኑ ሁሉ በእጅ ታጥቦ፣ በጣት ተዳስሶ ካልተረጋገጠ በቀር ማሽኑ እንዳይከፈት አዝዘዋት ስለነበር፣ ስድስት ዓመት ሙሉ እያንዳንዱን ዕቃ ሁለት ጊዜ ስታጥብ ኖራለች። «ሥራዬን ያቀልልኛል ብዬ አንድም ቀን አስቤው አላውቅም፤ ማሽኑ የታጠበውን ዕቃ በሙቅ የሚያጠራ ነበር የመሰለኝ» አለችኝ። ይህን ስትነግረኝ በጣም አዘንኩ። እንግዳ ባለበት ቀን እኩለ ሌሊት ድረስ ቆማ የለቀለቀቻቸው ሰሃኖች ሁሉ ከመጀመሪያውም መለቅለቅ አያስፈልጋቸውም ነበር።

በቃል ከመከራከር መለካት ይሻላል ብዬ፣ አንድ ሳምንት ሙሉ ከቧንቧው ሥር ሳፋ አስቀምጬ በየምሽቱ የተጠራቀመውን ውሃ በ20 ሊትር ጀሪካን እየሰፈርኩ ጻፍኩ። የሰባት ሰው የእራት ዕቃ ለመለቅለቅ ብቻ እናቴ 34 ሊትር፣ እህቴ 26 ሊትር፣ እኔ ደግሞ ቧንቧውን እየከፈትኩና እየዘጋሁ በብዙ ጥንቃቄ 21 ሊትር ፈጀን። የእኛ ማሽን መመሪያ ለአንድ ሙሉ እጥበት፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የንጹሕ ውሃ ዙር ድረስ፣ 13 ሊትር እንደሚበቃ ይገልጻል። ይህም ማለት ለማሽኑ «ለማገዝ» የምናፈስሰው ውሃ ማሽኑ ራሱ ከሚጠቀመው በእጥፍ ይበልጥ ነበር። በጀርመን የቦን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከተለያዩ የአውሮፓ አገሮች የተውጣጡ ከ100 በላይ ሰዎችን 12 ሰው የተመገበበትን ዕቃ በእጃቸው እንዲያጥቡ አድርገው በለኩ ጊዜ፣ አማካዩ 103 ሊትር ያህል እንደነበረ ሳነብ፣ በሳፋዬ ያየሁት ነገር እንግዳ አልሆነብኝም። ከተከፈተ ቧንቧ ሥር የሚወርድ ውሃ ዓይን እያየው ያለቀ አይመስልም።

ውሃው ከየት እንደሚመጣ የሚያውቅ ድሬዳዋዊ ይህን ልዩነት እንደ ቀላል አያየውም። ከተማችን የምትጠጣው ከጉድጓድ የሚሳብ የከርሰ ምድር ውሃ ነው፤ የሐረማያ ሐይቅ ከደረቀ በኋላም ሐረር ከዚሁ ከድሬዳዋ ዙሪያ፣ ከሐሰሊሶ ጉድጓዶች የተሳበ ውሃ እንድትጠጣ ሆኗል። ከ1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነሥቶ ወደ 1,900 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ላይ ወዳለችው ሐረር በፓምፕ የሚገፋ ውሃ፣ እያንዳንዱ ሊትር መብራት የተከፈለበት ውሃ ነው። በእኛ ሰፈር ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ በመጣ ቀን 2,000 ሊትር የሚይዘውን ሮቶ ሞልተን፣ እስከሚቀጥለው ፈረቃ ድረስ ለሰባት ሰው እናብቃቃለን። በየምሽቱ 27 ሊትር ያህል ለመለቅለቅ ብናወጣ በወር ከ800 ሊትር ይበልጣል፤ እርሱም ከሙሉ ሮቶ አርባ በመቶ ያህሉ ነው። ፈረቃው ሁለት ቀን የዘገየበት ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

እናቴ እዚህ ላይ የሚገባ መልስ ነበራት። የተለቀለቀበት ውሃ ሳሙና የሌለው ስለሆነ ለጓሮዋ ሎሚና ፓፓያ ታጠጣው ነበርና ውሃው አልባከነም አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ቧንቧው ሥር ሳፋ አስቀምጦ ወደ ዛፍ የሚወስድ ሰው ከእኔ ሂሳብ ውጪ ነው። ይሁን እንጂ የወጥ ቅባትና ጨው የበዛበት ውሃ ከሥሩ ሲጠራቀም ሎሚዋ ቅጠሏ ቢጫ መሆን ጀምሮ ነበር፤ እኔም ጎመንና ድንች የታጠበበትን ውሃ ለዛፎቹ እንድታደርገው ለመንኳት፣ እርሷም ተቀበለችኝ።

ሰዎችን ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስታቸው ማሽኑ በውስጡ የሚሠራው ሥራ አለመታየቱ ይመስለኛል። እኔም ብሆን ዕቃው ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ የሚገላበጥ ይመስለኝ ነበር። ነገሩ እንዲያ አይደለም። ማሽኑ ከታች ባለው ጎድጓዳ ቦታ ጥቂት ሊትር ውሃ ብቻ ይቀበላል፤ ያንኑ ውሃ ፓምፑ በሚሽከረከሩት ክንፎች ቀዳዳ በኩል በኃይል ወደ ላይ እየረጨ ዕቃውን ይመታዋል፤ ውሃው ተመልሶ ሲወርድ በማጣሪያ ያልፍና እንደገና ይረጫል። ያ ውሃ ከቆሸሸ በኋላ ወደ ውጪ ተደፍቶ በአዲስ ይተካል። በብዙ ማሽኖች የመጀመሪያው ዙር ያለ ሙቀት የሚካሄድ ቅድመ እጥበት ነው፤ ከዚያ በሳሙናና በሙቀት ዋናው እጥበት ይከተላል፣ በመጨረሻም በንጹሕ ውሃ ማጥራቱ ይመጣል። ይህን ለእናቴ ሳስረዳት እንዲህ አልኳት፦ «እማዬ፣ ሦስቱ ሳፋዎችሽ እኮ ውስጡ አሉ፤ የመጀመሪያውንም ሳፋ አልዘለለም፣ አንቺ ግን አራተኛ እየጨመርሽለት ነው።» ዝም ብላ ቆየችና «የመጀመሪያውን ውሃ ይደፋዋል?» ብላ ጠየቀችኝ። ውሃው በጎማው ሲወጣ ባልዲ ደቅኜ አሳየኋት። ውሃው የበርበሬ ቀለም ይዞ፣ ቅባቱ ከላይ ሰፍፎ ባልዲው ውስጥ ወረደ፤ እርሷም ጎንበስ ብላ ረጅም ጊዜ ተመለከተችው።

የመጀመሪያዎቹን ውጤታማ ማሽኖች የሠራችው አሜሪካዊቷ ጆሴፊን ኮክራን፣ የፈጠራ መብቷን እ.ኤ.አ. በ1886 ስታስመዘግብ ያሰበችው ይህንኑ ነበር፤ ዕቃ በብሩሽ ሳይፈተግ፣ በተዘጋጀለት የሽቦ ማስቀመጫ ቆሞ፣ በውሃ ግፊት ብቻ ይጥራ የሚለውን። የተነሣችውም ሠራተኞች ሲያጥቡ የፖርሴሊን ሰሃኖቿ ጠርዛቸው እየተሸረፈባት ስለተቸገረች ነው። እ.ኤ.አ. በ1893 በቺካጎ በተካሄደው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ማሽኗ ለሕዝብ ታይቷል። መፈተጊያው የውሃው ግፊት ነው፤ በእጅ አስቀድሞ መፈተግ ከማሽኑ አሳብ ውጪ የመጣ ልማድ ነው።

ሳሙናውም ከምናውቀው ሳሙና የተለየ ነው። አሁን የሚሸጡት ብዙዎቹ የማሽን ዱቄቶችና ታብሌቶች ኢንዛይም አላቸው፤ አንዱ ዓይነት እንደ እንቁላልና ሥጋ ያለውን ፕሮቲን፣ ሌላው እንደ እንጀራና ድንች ያለውን ስታርች እየቆራረጠ በውሃ የሚሟሟ ያደርገዋል። ሽሮ ሁለቱንም በአንድነት የያዘ ምግብ ስለሆነ ለእነዚህ ኢንዛይሞች የተዘጋጀ ያህል ነው። ኢንዛይም ግን ሙቀትና ጊዜ ይፈልጋል፤ ማሽኑ ሁለት ሰዓት የሚቆየውም ለዚህ ነው። ሰው በሁለት ደቂቃ ጉልበት የሚያደርገውን እርሱ በሙቅ ውሃና በትዕግሥት ያደርገዋል። ለእጅ የሚሆነው ፈሳሽ ሳሙና ግን ፈጽሞ ወደ ማሽኑ መግባት የለበትም። አንድ ቀን ታብሌቱ ሲያልቅብን እህቴ ጥቂት ጠብ አድርጋበት፣ አረፋው በበሩ ሥር ወጥቶ የወጥ ቤቱን ወለል ሲሸፍን አምሽተን በጨርቅ ስናደርቅ ነበር።

ከሁሉ የገረመኝን ነገር ያየሁት በአውቶማቲክ ፕሮግራሙ ነው። ማሽናችን የሚደፋው ውሃ ምን ያህል እንደደፈረሰ በብርሃን የሚለካ መሣሪያ አለው፤ ብርሃኑ በውሃው ውስጥ በደንብ ካለፈ ዕቃው ብዙ አልቆሸሸም ብሎ እጥበቱን ያሳጥራል፣ ከተጋረደ ደግሞ ያራዝማል። ለማነጻጸር አንድ ምሽት ሁሉንም ለቅልቀን፣ በማግስቱ ምሽት ምንም ሳንለቀልቅ አስገባን። የተለቀለቀው በ1 ሰዓት ከ35 ደቂቃ አለቀ፤ ያልተለቀለቀው 2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ፈጀ። ነገር ግን የሽሮ ማማሰያው ጭልፋ ጎድጓዳው ውስጥ የደረቀ ቅርፊት ይዞ የወጣው በተለቀለቀው ምሽት ነበር። ሰሃኖቹ ጠርተው ስለገቡ ውሃው አልደፈረሰም፤ ማሽኑም ሥራው ቀላል ነው ብሎ ቶሎ ጨረሰ፤ እኛ በቧንቧ ያላገኘነው የጭልፋው ጉድጓድ ግን በዚያ አጭር ጊዜ አልለቀቀም። ያልተለቀለቀው ምሽት ላይ ያው ጭልፋ ሲወጣ እንደ አዲስ ያበራ ነበር። እናቴን ከማናቸውም ንግግሬ ይልቅ ያሳመናት ያ ጭልፋ ይመስለኛል።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ፣ ከሌላ አገር የመጣ ምክር ሁሉ በድሬዳዋ እንዳለ እንደማይሠራ መናገር ይገባኛል። የቀዝቃዛ አገር ሰው ሰሃኑን ማሽኑ ውስጥ ትቶ በማግስቱ ማታ ቢያስነሣው ብዙ አይጎዳም። በእኛ ከተማ ግን በግንቦትና በሰኔ የቀኑ ሙቀት 35 ዲግሪ ይደርሳል፤ ከጣሪያው ሥር ማራገቢያው ሲዞር እያለ ጠረጴዛ ላይ የተተወ የሽሮ ሰሃን በግማሽ ሰዓት ውስጥ ጠርዙ ነጣ ብሎ ይሰነጣጠቃል፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጥፍር አይገባበትም። የእንጀራ ፍርፋሪ ደግሞ እርጥብ ሳለ በጣት ይነሣል፤ ሲደርቅ ግን እንደ ሙጫ ይያያዛል፣ በተለይ ሹካ ጣቶች መካከል ሲገባ። ከአብሽ የሚሠራው ሑልበት የተበላበት ጎድጓዳ ሳህን ከሁሉ ይከፋል፤ አብሹ እርጥብ ሳለ ይዝለገለጋል፣ ሲደርቅ ግን በሰሃኑ ላይ ስስ ቆዳ ይሠራል። ስለዚህ በእኛ አገር ትልቁ ጥያቄ የመለቅለቅ ጥያቄ ሳይሆን የሰዓት ጥያቄ ነው ብዬ አምናለሁ። ሰሃኑ ከትሪው እንደተነሣ በቀጥታ ማሽኑ ውስጥ ገብቶ በሩ ከተዘጋ፣ ውስጡ ስለሚታፈን እርጥበቱን ይዞ ይቆያል፤ ጠረጴዛ ላይ ከቆየ ግን ድንጋይ ይሆናል።

ማሽኑ ሳይሞላ የሚያድርበት ቀን አለ፤ መብራት ጠፍቶ ሳይነሣ የሚቀርበትም ምሽት አለ። ሳይሞላ ለሚያድረው ዕቃ ማሽኑ የራሱ የመለቅለቂያ ፕሮግራም አለው፤ ያለ ሳሙና፣ በቀዝቃዛ ውሃ፣ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ረጭቶ ያቆማል፤ መመሪያው እንደሚለው 4 ሊትር ገደማ ይበቃዋል። ይህ ከእናቴ 34 ሊትር ጋር ሲነጻጸር እጅግ ያነሰ ነው፤ ሰውም አይቆምበትም። መብራት በጠፋ ጊዜ ደግሞ በሩን ሳንከፍት እንተወዋለን፤ ሲመጣ ካቆመበት ይቀጥላል።

ሙቀታችን የሚጎዳን ብቻ ሳይሆን የሚረዳንም አለ። ከሰዓት በኋላ ከጣሪያ ላይ ሮቶ የሚወርደው ውሃ እጅ የሚያቃጥል መሆኑን የከተማችን ሰው ሁሉ ያውቃል። ማሽኑ ከሚፈጀው መብራት አብዛኛው ውሃ ለማሞቅ ስለሆነ፣ የእኛም ማሽን እስከ 60 ዲግሪ የሞቀ ውሃ እንዲገባበት መመሪያው ስለሚፈቅድ፣ የምሳውን ዕቃ በዘጠኝ ሰዓት ገደማ ስናስነሣው ፀሐይ የማሞቁን ሥራ በከፊል ትሠራልናለች። ቅቤው በጠርሙስ ውስጥ ሳይረጋ በሚከርምበት ወቅት የወጥ ቅባት ሰሃን ላይ አይረጋም፤ ለስለስ ብሎ ስለሚቆይ ቅድመ እጥበቱ ብቻ ብዙውን ያነሣዋል።

ሳይለቀለቅ ይግባ ስል ግን ሳይራገፍ ይግባ ማለቴ አይደለም። ይህ ልዩነት ካልተያዘ ማሽኑ ሊበላሽ ይችላል። አጥንት፣ የሎሚ ፍሬ፣ ስቴኪኒ፣ የሶፍት ቁራጭና የቃሪያ ፍሬ ወደ ማጣሪያው ከወረዱ የውሃውን መንገድ ይዘጋሉ፤ ስለዚህ ሁሉም አስቀድሞ መነሣት አለበት። ለዚህ ግን ከእንጀራ የሚሻል መሣሪያ አላውቅም። በእኛ አበላል ሰሃን ላይ የሚቀረው መረቅ በመጨረሻው ቁራሽ ተጠርጎ ይነሣል፤ ልጆቼም ሰሃናቸውን እንዲህ ጠርገው እንዲያነሡ አድርገናል። የቀረው ትራፊ በማንኪያ ተራግፎ ለፍየሎች ይወጣል፤ በሰፈራችን የሚዞሩት ፍየሎች ሰዓቱን ስለሚያውቁ ከበሩ አይርቁም። የቡና ሲኒ ብቻ ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። አተላው እጅግ ደቃቅ ስለሆነ ከማጣሪያው ሥር ይጠራቀማል፤ ሲኒው ወደ ማሽኑ ከመግባቱ በፊት አተላው በደንብ መደፋት አለበት። ባይለቀለቅም፣ መደፋቱ ግን ግድ ነው።

እናቴን አንድ ጊዜ ወደ ቀድሞ አቋሟ የመለሳት ነገር ተፈጥሮ ነበር። መለቅለቅ በተውን በሦስተኛው ሳምንት ብርጭቆዎቹ ሁሉ ነጭ ጭጋግ ለብሰው መውጣት ጀመሩ። የጠራነው ጠጋኝ ከፍቶ ሳያይ «ሳትለቀልቁ ስለምታስገቡ ነው» ብሎ ገንዘቡን ተቀብሎ ሄደ፤ እናቴም ያን ምሽት ተመልሳ ቧንቧው ሥር ቆመች። እኔ ግን ሎሚ ቆርጬ ብርጭቆውን ባሸሁት ጊዜ ጭጋጉ ወዲያው ለቀቀ። የምግብ ቅሪት ቢሆን በሎሚ ጭማቂ ብቻ እንዲህ ባልጠፋ ነበር። በድሬዳዋ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ግድግዳው ላይ የሚጋገረው ነጭ ነገር፣ ሳሙና በቀላሉ እንዳያረፋ የሚያደርገው ያው የካልሲየምና የማግኒዚየም ጉዳይ ነበር። የከርሰ ምድር ውሃችን እነዚህን ማዕድናት በብዛት ስለያዘ፣ ውሃው ብርጭቆው ላይ ሲደርቅ ማዕድኑን ትቶ ይሄዳል።

ማሽኑ ለዚህ የተዘጋጀ ክፍል እንዳለው ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ከታች፣ ከማጣሪያው አጠገብ፣ ክዳኑ የሚጠመዘዝ የጨው ማስቀመጫ አለ፤ ውሃው ከዚያ ማስቀመጫ ጋር በተያያዘው፣ ሬዚን በሚባል የጥቃቅን እንክብሎች ክምችት ውስጥ ሲያልፍ ካልሲየሙና ማግኒዚየሙ ተይዘው ይቀራሉ፣ በምትካቸው ሶዲየም ይገባል፤ ሬዚኑ ሲሞላ ደግሞ ጨዋማ ውሃ ያጥበውና እንደገና ለሥራ ያዘጋጀዋል። የእኛ የጨው ማስቀመጫ ማሽኑ ከተገዛ ጀምሮ ባዶ ነበር። ለዚህ የሚሆነው ጨው ለማሽን ተብሎ የተዘጋጀ ንጹሕ፣ እንክብሉ ትልልቅ የሆነ ጨው ነው፤ አዮዲንና እንዳይጓጉል የሚያደርግ ነገር የተጨመረበት ደቃቅ የገበታ ጨው ክፍሉን ሊደፍነው ስለሚችል አይሆንም። ጨውን ሞልተን፣ ውሃው ምን ያህል ማዕድን እንደያዘ ለማሽኑ የሚነግረውን ቁጥር ወደ ላይ ከፍ ካደረግን በኋላ ብርጭቆዎቹ ጠሩ። ነጭ ጭጋግ ያየ ሰው መለቅለቅ ከመጀመሩ በፊት ጨውን ይመልከት ብዬ ብዙ ሰው መክሬአለሁ፤ በድሬዳዋ ብዙ ጊዜ መልሱ እዚያ ይገኛል።

ሳይለቀለቅ ማስገባት የሚያስከትለው ዕዳ አንድ ነው፤ እርሱም ማጣሪያው ነው። እኛ በየሳምንቱ ቅዳሜ ጠምዝዘን አውጥተን፣ በቀላል ብሩሽና በሳሙና አጥበን እንመልሰዋለን፤ አምስት ደቂቃ ይፈጃል። ይህ ከተረሳ በሙቀታችን ምክንያት በሁለት ሳምንት ውስጥ መሽተት ይጀምራል፤ ያን ጊዜ ጥፋቱ ወደ ሰሃኖቹ እንዲዞር መፍቀድ አይገባም።

በእጅ መታጠብ የሚገባውን ነገር ደግሞ ያለ ክርክር ለእጅ ትተናል። ሸክላ ድስት፣ ጀበና፣ ገበቴና የእንጨት ማማሰያ ወደ ማሽኑ አይገቡም፤ ሸክላው ሳሙናውን ይጠጣዋል፣ እንጨቱ ይሰነጠቃል። የብረት ማብሰያ ድስት ሽሮው ከታች ከያዘው፣ ገንፎ ወይም የሊጥ ዕቃ ከሆነ፣ አስቀድሞ ውሃ ተሞልቶ ካልተዘፈዘፈ በቀር ማሽኑ አይችለውም። ትልቁ ትሪያችንም ከማስቀመጫው ስለሚሰፋ አይገባም። ይህን የምለው ማሽኑ ሁሉን ይችላል ብሎ የገዛ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት ተስፋ እንዳይቆርጥ ነው።

በረመዳን ከጎረቤታችን፣ ሰፈሩ ሁሉ «አዴ» ከሚላቸው እናት ቤት፣ ለፍጥር የተሠራ ምግብ ይመጣልናል፤ እኛም በበዓላችን እንልካለን፤ ሰሃንም ባዶውን አይመለስም። ባለፈው ረመዳን አዴ የላኩት ሰሃን በማሽኑ ታጥቦ፣ ተምር ተጨምሮበት ሲመለስ፣ እናቴ እንደ ልማዷ ለመጨረሻ ጊዜ ብርሃን ላይ ይዛ አገላብጣ አየችው። የሰው ሰሃን ስለነበረ ማየቷ ትክክል ነው፤ ምንም ነገር አላገኘችበትም።

አሁን እራት ሲያልቅ ሰሃኑን የሚያራግፉት ልጆቹ ናቸው፤ እህቴ ትደረድራለች፤ ትልልቁን ወደ መካከል አዘንብላ፣ ብርጭቆውን በላይኛው መደብ ደፍታ፣ ክንፎቹ ሳይጋጩ መዞራቸውን በእጇ ገፋ አድርጋ ታረጋግጣለች። እናቴ ወንበሯን ሳብ አድርጋ በሩ አጠገብ ትቀመጥና ጣቶቿን በሞቀ የወይራ ዘይት ታሻለች። አልፎ አልፎ አንድ ሰሃን ከእህቴ እጅ ትቀበላትና ወደ ቧንቧው ዘወር ትላለች፤ ከዚያም ቧንቧውን ሳትከፍት ሰሃኑን መልሳ ታቀብላታለች።